ንጥረ ነገሮች ቦታ ቦታቸውን የያዙበት ታሪክ

ፈረንሳዊው አንትዋን ላቩዋዝዬ በ1789 ፓሪስ ላይ ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዝርዝር አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዝርዝሩ 33 ነገሮች ተመዝግበዋል። መስፈርቱ አጭር ነበር፦ ኬሚስቶች በምንም ዘዴ ከዚያ በላይ ሊበትኑት ያልቻሉት ነገር ንጥረ ነገር ይባላል። ከጥንት የሚታወቁት ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ብረት፣ እርሳስ፣ ባዜቃና ድኝ አሉበት። በዚያው ዘመን የተለዩት ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅንም አሉበት። ብርሃንና ሙቀት ሳይቀሩ እንደ ንጥረ ነገር ተቆጥረዋል። ኖራም ተካትቷል፤ ላቩዋዝዬ ግን ኖራ አንድ ቀን ተበትኖ ውስጡ ሌላ ነገር ይገኝበታል ብሎ ይጠረጥር ነበር። ጥርጣሬውን እስከ መጨረሻው ሳይከታተለው የፈረንሳይ አብዮት ደረሰበት። የንጉሡ ግብር ሰብሳቢዎች ማኅበር አባል ነበርና ሜይ 8 ቀን 1794 በጊሎቲን አንገቱ ተቀላ።

ጥርጣሬው እውነት መሆኑን ያሳየው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። ዴቪ በኦክቶበር 1807 የባትሪ ኤሌክትሪክ በፖታሽ ውስጥ አሳልፎ ፖታሲየምን ነጥሎ አወጣ። ትንንሾቹ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ብቅ ብለው እሳት ሲይዙ ባየ ጊዜ ከደስታው ብዛት በክፍሉ ውስጥ እየዘለለ እንደ ጨፈረ አብሮት ይሠራ የነበረ ዘመዱ ተርኳል። ወዲያው ሶዲየም ተከተለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካልሲየም ከኖራ ወጣ።

ንጥረ ነገሮቹ እንዲህ እየበዙ ሲሄዱ ማን ከማን ይዛመዳል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ጆን ዳልተን በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ዓይነት አቶም፣ አቶሙም የራሱ ክብደት አለው ብሎ ነበር። አንድን አቶም ሚዛን ላይ ማውጣት ስለማይቻል ከሁሉ የሚቀለውን ሃይድሮጅንን 1 ብሎ የሌሎቹን ክብደት በእሱ መለካት ግድ ሆነ። የዬና ዩኒቨርሲቲ መምህር ዮሐን ዶበራይነር እነዚህን ቁጥሮች ይዞ በ1829 አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን በጠባያቸው ወንድማማቾች ናቸው። የክሎሪንንና የአዮዲንን ክብደት ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል የብሮሚን ክብደት ተቃርቦ ይመጣል። በዛሬው ልክ ብናሰላው 35.5 እና 127 ተደምሮ ሲካፈል 81 ግድም ነው፤ ብሮሚን 80 ይመዝናል። ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየምም እንዲሁ ሆኑ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሦስት ሦስት ቤተሰቦች ውጭ የቀሩት ብዙ ነበሩ። ከዚያም በላይ ቁጥሮቹ ራሳቸው አስተማማኝ አልነበሩም።

ምክንያቱም ውሃ ስንት ሃይድሮጅን እንዳለው እንኳ ስምምነት አልነበረም። አንድ ነው የሚለው ኬሚስት ኦክስጅንን 8 ይለዋል፤ ሁለት ነው የሚለው 16 ይለዋል። ካርቦን ለአንዱ 6፣ ለሌላው 12 ነበር። ኦገስት ኬኩሌ የኮምጣጤን አሲድ ለመጻፍ በዘመኑ የሚሠራባቸውን የተለያዩ ቀመሮች ቢሰበስብ 19 ሆኑለት። በዚህ ሁኔታ ንጥረ ነገሮችን በክብደት መደርደር በውሸት ሚዛን እህል እንደ መስፈር ነበር።

ኬኩሌና ባልደረቦቹ ለዚህ መላ ለመፈለግ ጉባኤ ጠሩ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1860 ከመቶ በላይ ኬሚስቶች በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ተሰብስበው ለሦስት ቀናት ተከራከሩ። የሳይንስ ጉዳይ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም ተባብለው ሊለያዩ ሲሉ አንጄሎ ፓቬዚ የተባለ ጣሊያናዊ ለተሰብሳቢዎቹ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አደለ። ጸሐፊው የአገሩ ልጅ ስታኒስላዎ ካኒዛሮ ነው። ካኒዛሮ ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተማት ይህች መጽሐፍ አሜዴዎ አቮጋድሮ በ1811 አቅርቦት የተረሳውን ሐሳብ መልሳ አነሣች፦ እኩል ሙቀትና እኩል ግፊት ያላቸው ጋዞች በእኩል መጠን ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው ቅንጣቶች ይይዛሉ። ይህ ከታመነ ጋዞችን እየመዘኑ ትክክለኛውን የአቶም ክብደት ማግኘት ይቻላል። ጀርመናዊው ሎታር ማየር መጽሐፏን ካነበበ በኋላ ዓይኑ እንደ ተገለጠለት ጽፏል። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የ26 ዓመቱ ሩሲያዊ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭም ነበረ።

አስተማማኝ ቁጥር ከተገኘ በኋላ ሙከራው ተከታተለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስድስት ሰዎች በተለያዩ አገሮች፣ አብዛኞቹ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ንጥረ ነገሮችን በክብደት ተራ ደረደሩ። ፈረንሳዊው የድንጋይ ሊቅ ደ ሻንኩርትዋ በ1862 በሲሊንደር ዙሪያ በሚጠመዘዝ መስመር ላይ ጽፏቸው ተመሳሳዮቹ አንዱ በሌላው ሥር ሲወድቁ አየ። ጽሑፉ ሲታተም ግን ሥዕሉ ቀረ፤ ያለ ሥዕሉ ማንም አልተረዳለትም።

የለንደኑ ጆን ኒውላንድስ ዕጣ ደግሞ ፌዝ ሆነ። ንጥረ ነገሮቹን ከቀላል ወደ ከባድ ቁጥር ሰጥቶ ሲደረድር፣ እሑድ በየሰባት ቀኑ እንደሚመለሰው ሁሉ፣ የመጀመሪያው ጠባይ በስምንተኛው ላይ ተመልሶ መጣ። ነገሩን ከሙዚቃ ድምፆች ጋር አመሳስሎ የኦክታቭ ሕግ አለው። ማርች 1 ቀን 1866 ለለንደን ኬሚካል ማኅበር ሲያቀርብ ጆርጅ ፎስተር የተባሉ ፕሮፌሰር፣ በፊደል ተራ ደርድረሃቸውስ ብታይ ኖሮ፣ በሚል አነጋገር አላገጡበት። ማኅበሩም ጽሑፉን ሳያትመው ቀረ። ፌዙ መራራ ቢሆንም ሥራው እውነተኛ ጉድለት ነበረበት። ኒውላንድስ ያለ ክፍት ቦታ ሁሉንም መሙላት ፈለገ። ቦታ ሲጠበው ኮባልትንና ኒኬልን በአንድ ሣጥን አጭቆ ከክሎሪን ጋር አሰለፋቸው፤ ብረትን ከኦክስጅንና ከድኝ ጋር አንድ ቤተሰብ አደረገው። ብረትና ድኝ በምን ይዛመዳሉ ቢባል መልስ አልነበረውም።

ሎታር ማየር በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ 28 ንጥረ ነገሮችን በጥሩ ሁኔታ ደርድሮ ነበር። በ1868 የተሟላ ሠንጠረዥ ቢሠራም ሳያሳትመው ቆየ። ያ መዘግየት ዋጋ አስከፈለው።

ሜንዴሌቭ የተወለደው በ1834 በሳይቤሪያ ቶቦልስክ ከተማ ነው፤ ከብዙ ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባቱ ዓይናቸው ጠፍቶ ሥራ ሲያቆሙ እናቱ ማሪያ የመስተዋት ፋብሪካ እያስተዳደሩ ቤተሰቡን ያዙ። አባት ሞቱ፤ በ1848 ፋብሪካው ተቃጠለ። እናት የቀራቸውን ሰብስበው ልጃቸውን ለማስተማር ሞስኮ ወሰዱት፤ እዚያ አልተቀበሉትም። ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተሻግረው በ1850 የመምህራን ተቋም አስገቡት፤ በዚያው ዓመትም አረፉ።

በ1867 ሜንዴሌቭ የሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ለተማሪዎቹ የሚሆን የሩሲያኛ መጽሐፍ ስላጣ ራሱ መጻፍ ጀመረ። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዘመኑ 63 ንጥረ ነገሮች ይታወቁ ነበር። የመጀመሪያው ቅጽ ሲያልቅ በሚገባ የተብራሩት ስምንት ብቻ ነበሩ፤ 55 ቀሩ። በዚህ አካሄድ መጽሐፉ ማለቂያ አይኖረውም። የቀሩትን በቡድን አድርጎ ለማቅረብ አንድ ሥርዓት ያስፈልገው ነበር። ሠንጠረዡ የተወለደው ከዚህ የመምህር ጭንቀት ነው።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1869 ሜንዴሌቭ የአይብ ማምረቻዎችን ለመጎብኘት ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር (ሩሲያ ያን ጊዜ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ትመራ ስለነበር ቀኑ በምዕራቡ አቆጣጠር ማርች 1 ነው)። የጉዞው ጉዳይ የተጻፈበትን ደብዳቤ ገልብጦ በጀርባው ላይ ቁጥሮች ማነጻጸር ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ሰዎች የሚያነጻጽሩት የሚመሳሰሉትን እርስ በርስ ነበር። እሱ ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ቤተሰቦችን ጎን ለጎን አቆመ፦

ክሎሪን 35.5፣ ፖታሲየም 39
ብሮሚን 80፣ ሩቢዲየም 85
አዮዲን 127፣ ሲዚየም 133

ልዩነቱ በሦስቱም ላይ ትንሽ ነው። አንዱ ቤተሰብ ባበቃበት ላይ ሌላው ይጀምራል፤ ቀሪዎቹ ቤተሰቦችም በየመካከሉ ቦታ አላቸው። ሠንጠረዡን በሕልሙ አየው የሚባለው ታሪክ በአንድ ወዳጁ ትዝታ በኩል የመጣ ነው። በእጁ የተጻፉት ወረቀቶች ግን ስርዝ ድልዝ የበዛባቸው ናቸው፤ የሚመሰክሩትም ድካሙን ነው። ጽሑፉ በማርች ወር ለሩሲያ ኬሚካል ማኅበር ሲቀርብ ሜንዴሌቭ በቦታው አልነበረም፤ ያነበበለት ባልደረባው ኒኮላይ ሜንሹትኪን ነው።

ከሌሎቹ የለየው ድርደራው ብቻ አይደለም። ጠባይና ክብደት ሲጋጩ ለጠባይ ማድላቱ ነው። ቴሉሪየም 128፣ አዮዲን 127 ስለሆኑ በክብደት ቢሄድ አዮዲን መቅደም ነበረበት። ነገር ግን አዮዲን የክሎሪንና የብሮሚን ወንድም ስለሆነ ሁለቱን አቀያይሮ አስቀመጣቸው። የቤሪሊየም ክብደት 14 ሳይሆን 9 ነው አለ። ዩራኒየም 120 ይባል የነበረውን በእጥፍ ወደ 240 ከፍ አደረገው። ተስማሚ ንጥረ ነገር ባጣበት ቦታ ደግሞ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ክብደቱን ገምቶ ጻፈ፦ 45፣ 68፣ 70። በ1871 ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ ከነዚህ ለሦስቱ ኤካ-ቦሮን፣ ኤካ-አሉሚኒየም፣ ኤካ-ሲሊኮን የሚል ጊዜያዊ ስም ሰጥቶ መልካቸውን፣ ክብደታቸውንና ውህዶቻቸውን አስቀድሞ ዘረዘረ። ያላየውን ነገር እንዲህ በዝርዝር መግለጹን ብዙዎች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

አራት ዓመት አልፎ ኦገስት 1875 ላይ ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ከፒሬኔ ተራሮች የመጣ የዚንክ ማዕድን ሲመረምር በስፔክትሮስኮፕ ውስጥ የማያውቃቸውን ሁለት ሐምራዊ መስመሮች አየ። አዲሱን ንጥረ ነገር ጋሊየም አለው። ሜንዴሌቭ ዜናውን እንደ ሰማ ይህ የእኔ ኤካ-አሉሚኒየም ነው ብሎ ጻፈ። ደ ቧቦድራን የሩሲያዊውን ትንበያ ከነጭራሹ አያውቅም ነበርና ነገሩ አልጣመውም። ብረቱን ለክቶ ከውሃ 4.7 እጥፍ ይከብዳል ሲል ሜንዴሌቭ ከሩቅ ሆኖ፣ ልኬቱ ተሳስቷል፤ 5.9 ወይም 6 መሆን አለበት፤ ናሙናው አልጠራም አለ። ፈረንሳዊው አጥርቶ ደግሞ ቢመዝነው 5.9 ሆነ። ብረቱን በእጁ የያዘው ሰው ተሳስቶ፣ አይቶት የማያውቀው ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ኤካ-ቦሮን በ1879 ስዊድናዊው ላርሽ ፍሬድሪክ ኒልሰን ሲያገኘው ስካንዲየም ተባለ። የሦስተኛው ታሪክ የመጣው ከጀርመኗ ፍራይበርግ ነው። ክሌመንስ ዊንክለር በአካባቢው ማዕድን ማውጫ የተገኘ አዲስ ድንጋይ ተሰጥቶት ቢመረምር ብሩንና ድኙን፣ ሌላውንም ሁሉ ደምሮ መቶ አልሞላለትም፤ ሁልጊዜ ሰባት በመቶ ያህል ይጎድለዋል። ለወራት ደክሞ ፌብሩዋሪ 1886 ላይ የጎደለውን አገኘና ጀርማኒየም አለው። ቦታው የት እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ክርክር ነበር፤ ሜንዴሌቭ ራሱም ሌላ ቦታ ሰጥቶት ነበር። ቁጥሮቹ ሲመጡ ግን ክርክሩ አበቃ። ለኤካ-ሲሊኮን የተተነበየው የአቶም ክብደት 72፤ የተገኘው 72.3። ከውሃ ሲነጻጸር 5.5 እጥፍ ይከብዳል ተብሎ ነበር፤ 5.47 ሆነ። ከክሎሪን ጋር ሲዋሃድ የሚሰጠው ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል ተብሎ ነበር፤ በ86 ፈላ።

ከዚህ በኋላ የሚያፌዝ አልተገኘም። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ በ1882 የዴቪን ሜዳልያ ለሜንዴሌቭና ለማየር በጋራ ሰጥቶ ነበር። በ1887 ያ የተሾፈበት ኒውላንድስም ይኸው ሜዳልያ ደረሰው።

ቀጣዩ ፈተና የመጣው ከምንተነፍሰው አየር ነው። ሎርድ ሬይሊ ከአየር የተገኘ ናይትሮጅን ከኬሚካል ከተሠራው ናይትሮጅን በግማሽ በመቶ ያህል ከብዶ አገኘው። እሱና ዊሊያም ራምሴ ምክንያቱን ሲከታተሉ በ1894 አርጎንን አገኙ፤ ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የሚገባበት ክፍት ቦታ አልነበረም። ሜንዴሌቭ ደንግጦ ይህ ሦስት አቶም ያለው ናይትሮጅን ይሆናል አለ። ራምሴ ግን በ1895 ሂሊየምን በምድር ላይ አገኘ፤ በ1898 ከሞሪስ ትራቨርስ ጋር ኒዮንን፣ ክሪፕተንንና ዜነንን ጨመረ። ቤተሰቡ ሙሉ ሲሆን አዲስ ዓምድ ተከፈተለት፤ ሠንጠረዡም ሳይፈርስ ተቀበለው። ሜንዴሌቭም በኋላ አምኖ ተቀበለ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ዘመኑ ኤሌክትሮን የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ያይ ነበር፤ ከሃይድሮጅን የሚቀሉ ንጥረ ነገሮች አሉ ብሎ የተነበየውም ከንቱ ሆነ። በ1906 የኖቤል ኮሚቴ ለኬሚስትሪ ሽልማት ቢያጨውም አካዳሚው ለፈረንሳዊው ኦንሪ ሟሳን ሰጠው። ሜንዴሌቭ በፌብሩዋሪ 1907 አረፈ። ሠንጠረዡ ለምን እንደሚሠራ ግን እሱም ሌላ ማንም አያውቅም ነበር።

መልሱ የመጣው ከ25 ዓመቱ ሄንሪ ሞዝሊ ነው። ሞዝሊ በ1913 ማንቸስተር ውስጥ የተለያዩ ብረቶችን አየር በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ በትንሽ ጋሪ ላይ ደርድሮ፣ ጋሪውን በሐር ክር እየጎተተ፣ አንድ በአንድ በኤሌክትሮን ጨረር መታቸው። እያንዳንዱ የራሱን ኤክስሬይ ሰጠ። የኤክስሬዩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በእኩል እርምጃ ጨመረ። ይህ እርምጃ የሚቆጥረው በአቶሙ እምብርት ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ስለዚህ ተራ የሚይዙት በክብደታቸው ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነበር፤ ዛሬ አቶማዊ ቁጥር የምንለው ይህ ነው። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሜንዴሌቭ ቦታቸውን ማቀያየሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ተመዝኗል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

ሞዝሊ ቁጥር ስላለው የጎደለውንም በትክክል መቁጠር ቻለ፤ 43፣ 61 እና 75 ገና አልተገኙም አለ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በፈቃዱ ዘመተ። ኦገስት 10 ቀን 1915 በጋሊፖሊ ግንባር በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ 27 ዓመቱ ነበር።

የቀረውን ኒልስ ቦርና ቮልፍጋንግ ፓውሊ አሟሉት። ኤሌክትሮኖች በአቶሙ እምብርት ዙሪያ በደረጃ ይቀመጣሉ፤ ደረጃዎቹ የሚይዙት 2፣ 8፣ 18፣ 32 እያለ ይሄዳል። ጠባይ የሚወሰነው በመጨረሻው ደረጃ ባሉት ጥቂት ኤሌክትሮኖች ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም አንድ ዓምድ ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱም በዳር አንድ አንድ ኤሌክትሮን ስላላቸው ነው። ቦር ከዚህ ተነሥቶ 72ኛው ንጥረ ነገር ዚርኮኒየምን መምሰል አለበት አለ። ኮፐንሃገን ውስጥ ኮስተርና ሄቬሺ በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ ሲፈልጉት እውነትም አገኙት፤ ዜናውን ቦር በዲሴምበር 1922 የኖቤል ንግግሩ መጨረሻ ላይ አበሰረ። ሃፍኒየም ይባላል። 75ኛው በ1925 ተገኘ። 43ኛው፣ ቴክኒሺየም፣ በ1937 ፓሌርሞ ላይ ሲታወቅ በሰው እጅ የተሠራ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ሆነ። 61ኛው በ1945 ተለየ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፕሉቶኒየም ሥራ ላይ የነበረው አሜሪካዊው ግሌን ሲቦርግ ከዩራኒየም ወዲያ ያሉት ንጥረ ነገሮች በተለመደው ቦታቸው አልገጥም አሉት። በ1944 አንድ ሙሉ ረድፍ ነቅሎ ከታች ለብቻው ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ስምህ ይበላሻል ብለው የመከሩት ነበሩ፤ እሱ ግን አሳተመው። ዛሬ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ከሠንጠረዡ ግርጌ ተነጥለው ከምናያቸው ሁለት ረድፎች የታችኛው የሲቦርግ ሥራ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1955 ደግሞ 101ኛውን ሠሩ፤ በመጀመሪያው ሙከራ የተገኙት 17 አቶሞች ብቻ ነበሩ። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ሰዓት አሜሪካውያን ለዚህ ንጥረ ነገር የሩሲያዊውን ስም ሰጡት፦ ሜንዴሌቪየም።

በኖቬምበር 2016 የ113፣ የ115፣ የ117 እና የ118 ስሞች ሲጸድቁ ሰባተኛው ረድፍ ሞላ። የመጨረሻው፣ ኦጋኔሶን፣ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይበተናል። ክርክሩ ግን አላበቃም። ሃይድሮጅን ከሶዲየም ወገን ነው ወይስ ለብቻው ይቁም? ከኢትሪየም ሥር ላንታነም ይግባ ወይስ ሉቴሺየም? ቤተ ሙከራዎች 119ኛውን እየፈለጉ ነው፤ ከተገኘም ስምንተኛውን ረድፍ ይከፍታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ንጥረ ነገሮችን በክብደት የደረደሩ ብዙ ነበሩ፤ ዕውቀቱም ከሞላ ጎደል የሁሉም ነበር። ሜንዴሌቭን የለየው የማያውቀውን ባለመሸፈኑ ነው። ኒውላንድስ ሠንጠረዡ ሙሉ እንዲመስል ብረትን ከድኝ አዛመደ፤ ሜንዴሌቭ ቦታውን ክፍት ትቶ፣ ክብደቱን ጽፎ፣ ቢሳሳት ማንም ሊያጋልጠው በሚችልበት ሁኔታ ለዓለም አቀረበ። ኬሚስትሪ የምታስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻችሁ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች በቃላቸው እንዲይዙ ስታደርጉ፣ የ1869ኙን ሠንጠረዥ ከነጥያቄ ምልክቶቹ አንድ ጊዜ አሳዩአቸው። ያልተሞላው ቦታ ከተሞላው እኩል ያስተምራል።